የሊማሊሞ ስለቴና ባለ አንድ ዓይኑ ንጉሥ

የሊማሊሞን መታጠፊያ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። እኔ ስንት ዓመት ቆጠርሁት። ስወርድ የማገኘው ቁጥርና ስወጣ የማገኘው ቁጥር አንድ ቀን እንኳ ገጥሞልኝ አያውቅም። መንገዱ ያው ነው፣ መኪናዋ ያችው ናት፣ ቆጣሪውም እኔው ነኝ። ታዲያ የጎደሉት መታጠፊያዎች የት ከርመው ነው የሚመለሱት? ሹፌሬን ሞላን ብጠይቀው፣ ሲወርዱ ዓይንዎን ስለሚጨፍኑ ነው አለኝ። ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

መቁጠር ጠባዬ ነው። ሥራ የጀመርሁት ዳባት ገበያ ላይ ጆንያ በመሸከም ነው፤ የተሸከምሁትን እኔ ካልቆጠርሁት ሌላ የሚቆጥርልኝ አልነበረም። ከዚያ ገብስ ነገድሁ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ አንዲት ጭነት መኪና ገዛሁ። ዛሬም ለቅሶ ቤት ስቀመጥ የድንኳኑን ካስማ እቆጥራለሁ። ሠርግ ስጠራ የመጣውን ሰው ብቻ ሳይሆን የቀረውንም እቆጥራለሁ። ባለቤቴ የኔነሽ፣ አንድ ቀን የራሴን ጠጉር ትቆጥራለህ ትለኛለች። ቆጥሬ አላውቅም። ሽበቷን ግን አንድ ጊዜ ጀምሬ፣ ዓይኗን አይቼ ትቼዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሬ ስለ አንዲት ወርቅ ነው።

እናቴ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ የምታስራት ክብ ወርቅ ነበረቻት። ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ትሰፋለች። አባቷ በጎልማሳነቱ ከተከዜ ማዶ ጨው በበቅሎ ሲያመላልስ ያገኛት ናት ይባላል። እንዴት እንዳገኛት አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የአያቱ ወርቅ ከየት መጣ ብሎ የሚመረምር የልጅ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠርዟና ጀርባዋ በቆዳ ተሰፍቷል። በፊት በኩል የሚታየው አንድ የቆመ ሰው ነው። ረጅም መስቀል ይዟል። በጎኑ ክንፍ ይታያል። ከእግሩ ሥር የሰው ራስ ያለው እባብ ረግጧል። መስቀል አለ፣ ክንፍ አለ፣ የተረገጠ እባብ አለ፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? እናቴ «ሚካኤሌ» ትለው ነበር። በተጨነቀች ቁጥር በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ሰባት ወልዳ አምስት አሳድጋለች፤ ስለዚህ ብዙ ታሽቷል። ፊቱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። እሷ ስታርፍ ወርቋ ለእኔ ደረሰችኝ፣ እኔም በደረት ኪሴ እይዛት ጀመር።

በአንዱ ሐምሌ፣ ሰባ ሁለት ጆንያ ገብስ ጭነን ሊማሊሞን ስንወርድ ነው። ሞላ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ። ዝናቡ ጥሎ አልፏል። አሥራ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ደርሻለሁ። ሞላ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «አያ ካሴ፣ ፍሬኑ የለም» አለኝ። ልክ ቤት ውስጥ ጨው የለም እንደሚባለው። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ በሌላው በኩል ተራራው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር አቆምሁ። እጄን ወደ ደረቴ ሰድጄ፣ «ሚካኤል ሆይ፣ ይችን መኪና አቁምልኝ እንጂ መልክህ ያለባትን ወርቅ ለቤትህ አስገባለሁ» አልሁ።

ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። የተሳሳትሁትም እዚህ ላይ ነው። በልቤ ብሳል ኖሮ ነገሩ በእኔና በመልአኩ መካከል ይቀር ነበር። ሞላ ግን ሰማ። መኪናዋ ጎኗን ከተራራው ጋር እየፋቀች፣ እያጓራች ሄዳ ሄዳ ቆመች። ስድስት ጆንያ ፈሰሰ። ሁለታችንም ጭረት እንኳ አላገኘንም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደግሞ አፋፉ ላይ ቆሜ ነው ያወጣሁት።

አሁን ጠባዬን ልናዘዝላችሁ። ሰው ሲድን ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ዳባት ገብቶ ትኩስ ወጥ ሲበላ ግን ማሰብ ይጀምራል። ወርቅ ነው። ደግሞም የእናት ወርቅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ከመስጠቴ በፊት ስንት ግራም እንደሆነ ልወቅ አልሁ። ስለትን መዝኖ መስጠት ኃጢአት ነው እንዴ? ቆዳው በሚዛን ላይ ያሳስታል ብዬ በምላጭ ፈታሁት። ገለበጥኋት። አንድ ሰውዬ አየሁ።

ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። አፍንጫው ትልቅ ነው። ግንባሩን በዕንቍ መቀነት አስሮ፣ ጫፉን ከማጅራቱ በኩል ለቆታል። ዙሪያውን ሃያ ሦስት ፊደል ከቦታል፤ አንዱንም አላውቀውም። እንግዲህ አስቡት። እናቴ ይህን የማይታወቅ ወንድ አርባ ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ ይዛው ኖራለች። አባቴ ይህን ሳያውቅ ማለፉ ደግ ሆነ። ቀናተኛ ነበር።

የኔነሽ ሰውዬውን አየችና፣ ማንም ይሁን ማን ስለትህን አስገባ አለች። ሞላ ደግሞ የባሰ መጣ። መኪናዋ ተጠግና ግቢ ከቆመች በኋላ ቁልፉን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ስለቱ ሳይገባ ሊማሊሞን አልወርድም፣ አያ ካሴ። የሰማሁት እኔ ነኝ። የእርስዎ ምስክር ሆኜ ገደል አልገባም» አለኝ። ሌላ ሹፌር ብፈልግ ወሬው ቀድሞኝ ደባርቅ ደርሷል። ስለት የበላ ሰው መኪና የሚነዳ ማን አለ? ገብሴ እዚህ፣ ገዥዬ ከሊማሊሞ ታች። መሀላችን አንዲት ወርቅ።

በነሐሴ ሚካኤል ይዣት ወደ ደብሩ ሄድሁ። በዚያን ጊዜ መሪጌታ አለልኝ የመቅደሱን ግድግዳ እየሣሉ ነበር። ሸራ ለጥፈው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ሲኦልን ቀይ ቀለም ይቀባሉ። ዘንድሮ ቀይ ውድ ነው፣ ሲኦሉን ጠበብ አድርጌዋለሁ አሉኝ። ወረዱና ወርቋን ተቀበሉኝ። መጀመሪያ የገጠማቸው ሰውዬው ነው። ፊታቸው ተለወጠ።

«አያ ካሴ፣ ይህ ሰው ስንት ዓይን አለው?»

ልጅ ይመስል ይህን እጠየቃለሁ? አንድ አልሁ። ሁለተኛው የት ሄደ አሉኝ። ጎኑን ሰጥቶ ነው እንጂ ይኖረዋል፣ በወዲያ በኩል ነዋ አልሁ።

«በወዲያ በኩል ያለውን እግዜር ይቁጠረው። እኛ የምንሥለው የሚታየውን ነው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው አሳዩኝ። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ኃጥእ በአንድ። አባቶቻችን የሣሉት እንደዚህ ነው። ስድሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ ዓምድ ቆጥሬያለሁ፣ ጧፍ ቆጥሬያለሁ፣ ዓይን ቆጥሬ ግን አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ጀመርሁ። ሰማዕታቱ ሁለት ሁለት። ፈረሱ ሳይቀር ሁለት። ይሁዳ አንድ። ሳጥናኤል አንድ። የሄሮድስ ወታደሮች አሥራ አራት ሰው ሆነው አሥራ አራት ዓይን። ሒሳቡ ልክ ነው።

ሳልሸነፍ ተከራከርሁ። በጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴትዮስ? እሷም ጎኗን ሰጥታ አይደለም? አባቶቻችን በእሷ በሬ ገዙ፣ ልጅ ዳሩ፣ ጥሎሽ ጣሉ።

መሪጌታ ብሩሻቸውን እያጠቡ፣ «ለዚያ አይደል ሳይበረክትልን የቀረው» አሉኝ።

ወርቋን ገልብጬ በሚካኤል በኩል ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ወስደው አዩ። ፊቱ ልሙጥ ነው። የዚህ ዓይን ስንት እንደነበረ እናትዎ ብቻ ናቸው የሚያውቁት አሉኝ። እንግዲህ በአንድ በኩል ባለ አንድ ዓይን፣ በሌላው በኩል ዓይን የሌለው። እንዲህ ያለ ነገር ዕቃ ቤት አይገባም፣ ማንነቱን አጣርተው ይምጡ ብለው መሰላሉን ወጡ።

ደነገጥሁ ብላችሁ ታስባላችሁ? ደስ አለኝ። እኔ ሰጠሁ፣ እነሱ እምቢ አሉ። ስለት አልቀበልም ያለውን ማን ያስገድዳል? ወርቄን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ሞላ ግን ቁልፉን አልቀበል አለ። እምቢ ያለው ሚካኤል ነው ወይስ መሪጌታ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ከሹፌር አልጠበቅሁትም።

መስከረም መጣ፣ መስከረም ሄደ። ደባርቅ ጌታነህ የሚባል ጎረምሳ አለ፤ ፈረንጆችን ተራራ የሚያወጣ አስጎብኚ ነው። የተማረ ነው፣ ፈረንጆች ትተውለት የሄዱት መጽሐፍ ቤቱን ሞልቶታል። ይዣት ሄድሁ። አያትና ከወንበሩ ተነሣ። «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ሐሰተኛ ነው ያለው ሰው የለም ብዬ በልቤ አሰብሁ። መጽሐፍ አወጣ፣ አጉሊ መነጽር አወጣ፣ ብዙ ገለበጠ። ከዚያ የነገረኝን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ወርቋ የሮማ ናት። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። ጎኑን የሰጠው የሮማ ንጉሥ ነው። በሌላው ገጿ መስቀል ይዞ እባብ የረገጠውም ያው ንጉሥ ነው። ክንፉስ ብለው፣ ክንፉ የእሱ አይደለም አለኝ። በግራ መዳፉ ላይ አንዲት ትንሽ ሴት አቁሟል፤ ክንፉ የእሷ ነው፣ ስሟም «ድል» ነው። የተረገጠው እባብ ጠላቱ ነው። የድሮ ሮማውያን ገንዘባቸው ላይ እንዲህ እየሣሉ፣ ንጉሣችን አሸነፈ ብለው አገር ላገር ያስወሩ ነበር። ወሬውን በወርቅ መላክ ማለት ነው። ተቀባዩ ወሬውን ባያምን ወርቁን መቼም አይጥለውም።

ይህ ብልኅነት ደስ አለኝ። ንግግሩ ግን ራሴን አዞረው። አንድ ሰው በአንድ በኩል ኃጥእ፣ በሌላው በኩል መልአክ ይሆናል? ሮማ ማለት ጣልያን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ፣ የጣልያን አያቶች ናቸው አለ። የሊማሊሞን መንገድ የሠራው ጣልያን? አዎ። እንግዲህ ልብ አድርጉልኝ። መኪናዬን ያቆማት ለመንገዱ የተቆረጠው ተራራ ነው። መንገዱን የቆረጡት የዚህ ሰውዬ የልጅ ልጆች ናቸው። ሰውዬው ደግሞ በዚያች ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበረ። ታዲያ ማን ነው ያዳነኝ? ጌታነህን ብጠይቀው እንደዚያ አይቆጠርም አለኝ። እንዴት እንደሚቆጠር ግን አልነገረኝም።

ቅርስ ስለሆነ እንዳልሸጣት፣ እንዳላቀልጣት፣ እንዳልፍቃት አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ቤቴ ገብቼ ለየኔነሽ አበሠርኋት። ሥዕሉ የሚካኤል አይደለም። እኔ የተሳልሁት መልክህ ያለባትን ወርቅ ብዬ ነው። የእሱ መልክ የለባትም። ስለዚህ ስለት የለብኝም።

የኔነሽ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፣ «መኪናዋ ስትቆም ሚካኤል፣ ስትከፍል ንጉሥ?» አለችኝ። ቀጠለችና፣ እናትህ ሰባቱንም ስትወልድ የጠራችው ማንን ነው አለች። ሚካኤልን አልሁ። የሰማትስ? አለች። አንድ ሽንኩርት አንሥቼ መላጥ ጀመርሁ። እንግዲህ እሱ በምን ሥዕል እንደጠሩት አልተቆጣም፣ አንተ ነህ የምትቆጣለት አለች። ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ ዓይኔ አነባ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም ምግብም አልተስማማኝ። ብሰጥ የማይቀበሉኝ፣ ባልሰጥ የማይለቀኝ ነገር ሆነ። ባጎነብስም ቀና ብልም ሰውዬው በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ደረቴ ላይ መያዝ ፈራሁ፣ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት፤ ሳጥኑን አልፌ መሄድ ፈራሁ። ጥቅምት ሚካኤልም አለፈ። ከሐምሌ ጀምሮ አራት ሚካኤል ማለት ነው። ቆጥሬያለሁ፤ እሱም እንደሚቆጥር አውቃለሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ መሪጌታ ዘንድ ተመልሼ ሄድሁ። የተነገረኝን ሁሉ ነገርኋቸው። የሮማ ሰው መሆኑን ሲሰሙ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ጲላጦስ ይሆን?» አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? የጲላጦስ ጊዜ ሰው መሆኑን ጌታነህ አልነገረኝም። ጲላጦስ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል አሉኝ፤ ጲላጦስ በስንክሳራችን ይታሰባል፣ እጁን ታጥቦ ንጹሕ ነኝ ብሏል፣ ሁለት ዓይን ይገባዋል። ካልሆነ ግን አይገባውም። መስቀል መያዙን አሰቡ። እባብ መርገጡን አሰቡ። ወዲያ ወዲህ ተመላለሱ። ጺማቸውን ያዙ።

በመጨረሻ፣ «ክፉ መሆኑን አይተናል? አላየንም። በማናውቀው ሰው ላይ ከምንፈርድ ብንምረው ይሻላል» አሉና ወስፌ አመጡ።

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ግን አልከለከልሁም። ወርቋን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ በአፍንጫውና በጆሮው መካከል፣ ጉንጩ ላይ፣ ወስፌውን አቁመው በድንጋይ አንድ ጊዜ ቸብ አደረጉት። ክብ ነጥብ ወጣች። በመሀሏ ደግሞ ብሌን አበጁላት። አሳዩኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። በሁለት ዓይኑ ቀጥ ብሎ አየኝ። የተገረመ ይመስላል። ከሺህ ዓመት በኋላ ሁለተኛ ዓይን ያገኘ ሰው ባይገረም ነው የሚገርመው።

በማግሥቱ በክብረ በዓሉ በሕዝብ ፊት አስገባኋት። እልል ተባለ። ጌታነህም ለበዓሉ መጥቶ ኖሮ፣ ስትገባ በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ አያት። የንጉሡን ጉንጭ አየ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሴቶች መንፈስ ያዘው ብለው ጠበል ረጩት። ሞላ ቁልፉን ተቀበለኝ። ገብሱ ወረደ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሊማሊሞን ስወርድ ዓይኔን አልጨፍንም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ፣ ስለትህን አስገባ ሰላም ታገኛለህ ብዬ መክሬያችሁ በተለያየን ነበር።

ለፋሲካ ሥዕሉ አለቀና መጋረጃው ተገለጠ። ሚካኤል በክንፉ ቆሟል፣ ሰይፉን መዟል፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት። ወርቅ የሰጠ ሰው ከመልአኩ እግር ሥር ተደፍቶ መሣሉ የቆየ ልማድ ነው። እኔም አለሁ። ጋቢዬ እንደ በረዶ ነጭ ነው። አፍንጫዬም የኔው ነው። ከጎኔ ስሜ በቀይ ተጽፏል፤ ቀይ ውድ ነው እያሉ ለእኔ አልሰሰቱም። ሰው ሁሉ እኔንና ግድግዳውን እያፈራረቀ ያያል። ኮራሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ቆጠርሁ።

አንድ።

ቀለም ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ተጠጋሁ። ከቀኝ አየሁ፣ ከግራ አየሁ። አንድ። ሰዉ እስኪበተን ጠብቄ መሪጌታን ወደ ጥግ ወሰድኋቸው። ምን በደልሁ አልኋቸው። ምንም አልበደሉም፣ መመለስዎ አይቀርም ብዬ እርስዎን የሣልሁት ነሐሴ ላይ ነው፣ ወርቁን ይዘው እየፈጠኑ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ከመሰላሉ ላይ አይቼዎት ነው፣ ያየሁትን ነው የሣልሁ አሉኝ። ቀለሙ ደርቋል።

«ለሮማው ሰውዬ ጨምረውለት የለም እንዴ?» አልኋቸው።

«እሱ ስለት አልነበረበትም» አሉኝ።

እንግዲህ አሁን ሮማዊው ዕቃ ቤት ውስጥ በሁለት ዓይን ይኖራል፤ እኔ ግድግዳ ላይ ከይሁዳ ስድስት ክንድ ርቄ በአንድ ዓይን እኖራለሁ። ክንዱን ለክቼዋለሁ። ትፍረደኝ ብዬ የኔነሽን ይዣት ሄድሁና ሥዕሉ ፊት አቆምኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከእግር እስከ ራስ ቀስ ብላ አየችው።

«ቁርጥ አንተን» አለችኝ።

ጋቢውን ይሁን ዓይኑን አልጠየቅኋትም።